ፎቶዎቹ አሉ፣ ግን አይከፈቱም

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ውርጭና ሰርግ። ፎቶ ቤት ያለው ወዳጄ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ዛሬ ሸዋ ሮቢት ወርዶ በሙቀት ሲቀቀል ይውላል። ነገ መሐል ሜዳ ወጥቶ ጣቱ ካሜራው ላይ ይደርቃል። እንዲህ በሚሯሯጥበት ሰሞን አንድ ማለዳ ደወለልኝ። «ፎቶዎቹ አሉ፣ ግን አይከፈቱም» አለኝ።

ሄድኩ። እውነትም አሉ። የሦስት ሰርግና የአንድ ክርስትና ፎልደር በየስማቸው ተደርድረዋል። መጠናቸውም አልቀነሰም። ግን እያንዳንዱ ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ አራት ፊደል ያላት እንግዳ ጭራ ተቀጥላበታለች። ሲጫኑት አይከፈትም። በየፎልደሩ ደግሞ እሱ ያልጻፋት አንዲት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አለች፤ ስሟ «ሪድ ሚ»። ደብዳቤዋ ትሕትና ቢጤ አላት። አትጨነቅ፣ ፋይሎችህን መመለስ ትችላለህ ትላለች። ዋጋው 980 ዶላር ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገርከን በግማሽ፣ 490። ለናሙና አንድ ፋይል በነፃ እንከፍትልሃለን። ልክ እንደ ሱቅ ቅናሽ!

ይህ ራንሰምዌር ይባላል። ፋይል ቆልፎ የማስለቀቂያ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። እገታ ምን እንደሆነ ለዚህ አካባቢ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ፣ እዚህ የታገተው የትም አልተወሰደም። እዛው ጠረጴዛችሁ ላይ፣ ዓይናችሁ ሥር ነው ያለው።

በቅድሚያ ከአንድ ነገር ጋር እንዳታምታቱት። ጽሕፈት ቤት ፍላሽ ሰክታችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው የሚገኙበት ቫይረስ አለ፤ ያላየው የለም። እሱ ፋይል አይቆልፍም፣ ይደብቃል። ፋይሎቹ ደኅና ናቸው፤ ድብቁን የሚያወጣ ልጅ በአምስት ደቂቃ ይመልሳቸዋል። ብዙ ሰው ራንሰምዌር ሲገጥመው ያን ልጅ ነው የሚጠራው። ልጁም የሚያውቀውን ይሞክራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቁልፉ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ይህ ካልገባን የቀረው ሁሉ ግራ ያጋባል። ጓጉንቸር አስቡ። ለመቆለፍ ቁልፍ አይፈልግም፤ ቀጭ ማድረግ ብቻ ነው። ለመክፈት ግን ቁልፉ የግድ ነው። ወንበዴው ክፍቱን ጓጉንቸር እናንተ ኮምፒውተር ድረስ ይልካል። ቁልፉን ከቤቱ አያወጣም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን በርብራችሁ፣ ቫይረሱን ራሱን ይዛችሁ ብትመረምሩት ቁልፉን አታገኙበትም። መጀመሪያውኑ እዚያ አልነበረማ።

በተግባር ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ፋይሎቹን ፈጣን በሆነ ስልት ይቆልፋል። ከዚያ ፋይሎቹን የቆለፈበትን ቁልፍ ሳጥን ውስጥ ያስገባና ሳጥኑን በጓጉንቸሩ ቀጭ ያደርገዋል። «ታዲያ ቁልፉን እየገመቱ ቢሞክሩስ?» አለኝ ወዳጄ። ባለ 256 ቢት ቁልፍ ሊሆን የሚችለው አማራጭ ብዛቱ ባለ 78 አሃዝ ቁጥር ነው። የዓለም ኮምፒውተር በሙሉ ቢሰለፍ አይጨርሰውም። አንቲቫይረስም ቢሆን ወንበዴውን ከቤት ያስወጣል እንጂ የቆለፈውን አይከፍትም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ቫይረሱ ተገደለ ማለት ፋይሉ ተፈታ ማለት አይደለም።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ጆሴፍ ፖፕ የተባለ የባዮሎጂ ምሁር ወደ 20,000 የሚጠጋ ፍሎፒ ዲስክ በፖስታ ለሰዎች ላከ። ስለ ኤድስ መረጃ ይሰጣል የተባለው ዲስክ ውሎ አድሮ ኮምፒውተሩን ይቆልፍና 189 ዶላር ፓናማ ወዳለ የፖስታ ሳጥን ላኩ ይል ነበር። የእሱ መቆለፊያና መክፈቻ ግን አንድ ስለነበረ ባለሙያዎች ፈቱት። በ1996 አዳም ያንግና ሞቲ ዩንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ወንበዴው ጓጉንቸሩን ብቻ ቢልክ ምን እንደሚከተል ጽፈው አስጠነቀቁ። በ2009 ቢትኮይን የተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ መጣ፤ የፓናማው ሳጥን አላስፈለገም። በ2013 ክሪፕቶሎከር የተባለው ቫይረስ ሁለቱን አጣምሮ ገበያውን አደራው።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። «ምን ከፍተህ ነበር?» አልኩት። «ምንም» አለ። ሁሉም ሰው «ምንም» ነው የሚለው። ሻይ ከቀረበ በኋላ ነው እውነቱ የወጣው። የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌሩ ጊዜው አልፎበት ሳይከፍል የሚያስከፍተው ክራክ የተባለ ፕሮግራም ፈልጎ አውርዶ ነበር። መመሪያው «አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል፤ አጠፋ። ጫነው፤ አልሠራም። ትንሽ ቆይቶ ዊንዶውስ ራሱን እያደሰ እንደሆነ የሚናገር መስኮት መጣ። «ይጨርስ» ብሎ ቁርስ ሊበላ ወጣ። መስኮቱ የውሸት ነበር። እሱ ፍርፍር ሲበላ ቫይረሱ ሰርጉን እየበላ ነበር።

የያዘው ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው የራንሰምዌር ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ገደማ ጀምሮ የተራ ሰው ኮምፒውተር ሲያጠቃ የኖረው ይኸው ነው፤ ትልልቅ ድርጅት አያሳድድም። የሚገባበት በርም አንድ ዓይነት ነው፦ ክራክ፣ ኪጄን (የፈቃድ ቁጥር ፈብራኪ)፣ የዊንዶውስና የኦፊስ ማስከፈቻ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ያለበትን አገር ያጣራል። ሩሲያን፣ ቤላሩስን፣ ካዛኪስታንን፣ ሶሪያንና ጥቂት ሌሎችን አይነካም። ምሕረት ካገኙት አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ «እኔን ማን ይፈልገኛል?» የሚለው ሐሳብ አይሠራም። ማንም አልፈለጋችሁም። ወጥመዱ መንገድ ላይ ተጥሏል፤ ያለፈ ይረግጠዋል።

ሌላ በርም አለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በጥቂት ቀናት 150 በሚሆኑ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተር አዳረሰ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። ያን ጊዜ ማንም ምንም መጫን አላስፈለገውም፤ ቫይረሱ በዊንዶውስ ቀዳዳ ራሱ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ይዘል ነበር። የሚያናድደው፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር። እኛ ጋ ማሻሻያ የሚጠፋው በሁለት ምክንያት ነው፤ ዳታ ይበላል፣ ደግሞ ክራክ ዊንዶውሱን ያጋልጥብናል ተብሎ ይፈራል። ሁለቱንም እረዳለሁ። ቀዳዳው ግን አይረዳልንም።

እንግዲህ ነገሩ ደረሰ እንበል። በመጀመሪያው ሰዓት የምታደርጉት ከዚያ በኋላ ባለው ወር ከምታደርጉት ሁሉ ይበልጣል።

ኢንተርኔቱን ቁረጡ፤ ዋይፋዩን አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ። የተሰካ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ካለ አውጡ። ፋይሎቹ ዓይናችሁ እያየ ስማቸው እየተቀየረ ከሆነ ኮምፒውተሩን ወዲያው አጥፉት፤ ያልደረሰባቸውን ታተርፋላችሁ። የደብዳቤዋን ፎቶ በስልክ አንሱ።

ቀጥሎ ያለውን ወዳጄ ስላደረገው ነው ጠበቅ አድርጌ የምጽፈው። የሁለት ሰርግ ቅጂ ያለበት ሃርድ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ነበረው። ደንግጦ «እሱስ ደኅና ይሆን?» ብሎ ሰካው። ደኅና ነበር። ከተሰካ በኋላ ግን ደኅና አልሆነም። ቫይረሱ ገና አልተኛም ነበር። ስለዚህ በበሽተኛው ኮምፒውተር ላይ ምንም አትሰኩ፤ ለማየትም ቢሆን። ቅጂያችሁን ማየት ካማራችሁ የሰው ንጹሕ ኮምፒውተር ለምኑ።

ሁለተኛው ስህተት ደግሞ ፎርማት ነው። አንድ የጥገና ሠራተኛ ከእኔ በፊት ደርሶ «ፎርማት እናድርገውና ይጸዳል» ብሎት ነበር። ልክ ነው፣ ይጸዳል፤ ከነፋይሉ። የተቆለፈ ፋይል የሞተ ፋይል አይደለም። ቁልፉ አንድ ቀን ሊገኝ ይችላል፤ ተገኝቶም ያውቃል። ቴስላክሪፕት የተባለውን የሠሩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራቸውን ሲያቆሙ ዋናውን ቁልፍ ራሳቸው አወጡት። ሼድ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ከ750,000 በላይ ቁልፍ በይፋ ለቀቀ፤ ይቅርታም ጠየቀ። የዚያን ጊዜ የተቆለፈ ፋይሉን ያስቀመጠ አተረፈ። ፎርማት ያደረገ ዜናውን ብቻ አነበበ። ስለዚህ የተቆለፉትን ፋይሎች፣ ደብዳቤዋን ጨምራችሁ፣ ባዶ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ፎርማቱ ይቻላል።

ቀጣዩ ያገታችሁ ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ኖ ሞር ራንሰም የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል እና ካስፐርስኪን ጨምሮ ሁለት የደህንነት ኩባንያዎች የከፈቱት ነው። ሁለት የተቆለፉ ፋይሎችንና ደብዳቤዋን ስትጭኑለት የቫይረሱን ዘር ይነግራችኋል፤ መፍቻ ካለው ይሰጣችኋል። የቤተሰብ ምስጢር ያለበትን ፋይል ሳይሆን ተራ ፎቶ ጫኑ።

የዲጄቪዩ ነገር እዚህ ላይ ለየት ይላል። ቫይረሱ ሥራ ሲጀምር ወደ ጌታው ኮምፒውተር ይደውላል፤ ለእናንተ ብቻ የሚሆን ጓጉንቸር ይቀበላል። ኢንተርኔት ከሌለ ወይም ጌታው ካላነሳ ግን በሆዱ ይዞት በመጣው የጋራ ጓጉንቸር ይቆልፋል። የጋራ ስለሆነ የአንድ ሰው ቁልፍ ከተገኘ የብዙ ሰው ይከፈታል። ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ያወጣው ነፃ መፍቻ እየሠራ ያለው በአብዛኛው ለእነዚህ ነው። የትኛው እንደደረሰባችሁ ለማወቅ ደብዳቤዋ ግርጌ ያለውን የግል መለያ ቁጥር እዩ። መጨረሻው በ«ቲ» ፊደልና በ1 ቁጥር ካለቀ የጋራው ነው፤ ተስፋ አለ። የኔትወርክ መቆራረጥ ለአንድ ጊዜ እንኳ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ወዳጄ ግን ያን ቀን ኔትወርኩ እንደ ልብ ነበር። መለያው በ«ቲ1» አላለቀም።

ቴሌግራም ላይ «እንፈታለን» የሚሉ ብዙ አሉ። በጋራው ጓጉንቸር ያልተቆለፈ የዲጄቪዩ ፋይል እንፈታለን የሚሉት ወይ ይዋሻሉ፣ ወይ ወንበዴውን ራሱን አነጋግረው ትርፍ ጨምረው የሚሸጡ ደላሎች ናቸው። የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የዲጄቪዩ መፍቻ ነኝ ብሎ የተሰራጨ ፕሮግራም ራሱ ራንሰምዌር ሆኖ ተገኘ። ስሙ ዞራብ። የተቆለፈውን በላዩ ላይ ደግሞ ቆለፈው። መፍቻ ከኖ ሞር ራንሰም ወይም ከሠራው ኩባንያ ገጽ ብቻ አውርዱ።

ቁልፉ ከጠፋ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። እኔና ወዳጄ ሁለት ቀን የፈጀነው እዚህ ላይ ነው።

ዲጄቪዩ ስለሚቸኩል ፋይሉን ሙሉ አይቆልፍም። መጀመሪያውን 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው የሚያበላሸው። ለአንድ የወርድ ጽሑፍ ያ መላ አካሉ ነው። ለአንድ ሰዓት የሰርግ ቪዲዮ ግን ምንም ማለት አይደለም፤ እንጀራው ጠርዙ እንደተቆረሰ ነው። ቪዲዮው የማይከፈተው ማጫወቻው መጀመሪያ የሚያነበው ገጽ ስለተበላሸ ነው። ሚዲያ ሪፔር የሚባል ነፃ ፕሮግራም በዚያው ካሜራ የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮ እንደ ናሙና አይቶ ያን ገጽ መልሶ ይሠራል። በዚህ መንገድ አብዛኛው ቪዲዮ ተመለሰ። ሙሽሮቹ የሚገቡበት የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ተቆርጠው ቀሩ እንጂ።

ፎቶ ግን ከዚህ ይከብዳል። ያዳነን የካሜራው ሜሞሪ ካርድ ነው። ወዳጄ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከገለበጠ በኋላ ካርዱን ፎርማት ያደርገዋል፤ ሁሉም ፎቶ አንሺ ያደርጋል። ካሜራ ፎርማት ሲያደርግ ግን የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ ማውጫውን እንጂ ምስሎቹን አይደለም። መዝገቡ ተቀደደ፤ እህሉ ጎተራ ውስጥ ነው። በላዩ ላይ አዲስ ፎቶ ካልተነሳበት ፎቶሬክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይለቅመዋል። የመጨረሻው ሰርግ በሞላ ጎደል ተገኘ። ከዚያ በፊት የነበረው ሰርግ ላይ ግን አዲሱ ተደርቦበት ነበርና ግማሹ ቀረ። ስለዚህ ነገሩ በደረሰ ጊዜ ካርዶቻችሁን ከካሜራው አውጥታችሁ ኪስ ክተቱ። አንድም ፎቶ አታንሱባቸው።

ከዚያ የሰው ስልክ ነው። ለደንበኛ በቴሌግራም የተላከው ሁሉ አልጠፋም። እንደ ፋይል የተላከው ሙሉ ጥራቱን ይዞ ይገኛል፤ እንደ ፎቶ የተላከው ግን ተጨምቆ ነው። አዲስ አበባ ያሉት አልበም አታሚዎች ዘንድም የአንዱ ሰርግ አልበም ሙሉ ፋይል ተገኘ። አዟሪት ዞረን ነው የለቀምነው። ዊንዶውስ ራሱ የሚይዘው የቀድሞ ቅጂ የሚባል ነገር አለ፤ አብዛኛው ራንሰምዌር እሱን መጀመሪያ ስለሚያጠፋው ብዙ አትጠብቁ፤ መሞከር ግን አይከፋም።

መክፈልስ? ወዳጄ ደጋግሞ ጠይቆኛል። የሙሽራዋ እናት ከመሐል ሜዳ በየቀኑ «ልጄ፣ አልበሙ ደረሰ ወይ?» ስትል 490 ዶላር ትንሽ መስሎ ይታያል። ከላይ ሆኜ አልፈርድበትም። ግን የምትከፍሉት ለሌባ ነው፤ ቁልፉን ሳይሰጥ ቢቀር የት ትከሱታላችሁ? ከፍለው ምንም ያላገኙ አሉ፤ ከፍለው ዋጋ የተጨመረባቸውም አሉ። ክፍያው በቢትኮይን ነው። እዚህ አገር ሕጋዊው መገበያያ ብር ነው፤ ብሔራዊ ባንክ ክሪፕቶን (ቢትኮይንና መሰሎቹን) ለክፍያ አልፈቀደም። ዶላር ፍለጋ ጥቁር ገበያ፣ ቢትኮይን ፍለጋ የማታውቁት ደላላ ጋ ስትሄዱ ሁለተኛና ሦስተኛ ሌባ ትጋብዛላችሁ። የ72 ሰዓቱ ቅናሽም የተሰላው እንዳታስቡ ነው። የእኔ ምክር አትክፈሉ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሉም ይረሳዋል። ዲጄቪዩ ብቻውን አይመጣም። ብዙ ጊዜ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ጓደኛ ይዞ ነው የሚገባው፤ ቪዳርና አዞራልት የሚባሉት ዓይነት። ብሮውዘሩ ላይ ያስቀመጣችሁት ሁሉ ተወስዷል ብላችሁ ተነሱ። የኢሜይላችሁን፣ የፌስቡካችሁንና የባንካችሁን ይለፍ ቃል በሌላ ስልክ ቀይሩ። ቴሌግራም ላይ በዚያ ኮምፒውተር የተከፈተውን አካውንት ከስልካችሁ ዝጉት። ወዳጄ ፋይሉ ላይ ሲያለቅስ የፌስቡክ ገጹ በስሙ ማስታወቂያ መለጠፍ ጀምሮ ነበር።

ድርጊቱ በአገራችንም ወንጀል ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ገብቶ የሰው ዳታ ማበላሸትን ያስቀጣል። በመንግሥት በኩል የሚከታተለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። ማመልከት ፎቶውን ባይመልስም፣ በተለይ የሌላ ሰው ሰነድ የምትይዙ ከሆነ ማስረጃ ይሆናችኋል።

መከላከያውን ባጭሩ ልበል፤ አሰልቺ ስለሆነ ማንም አያነበውም። የማይተካ ነገር ሁለት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱ ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ የተነቀለ። ሁልጊዜ የተሰካ ሃርድ ዲስክ ቅጂ አይባልም። በክራክ ፋንታ በነፃ የሚገኙ አሉ፤ ለፎቶ ጊምፕና ዳርክቴብል፣ ለቪዲዮ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው፣ ለጽሑፍ ሊብሬ ኦፊስ። መልመዱ ሳምንት ይፈጃል፤ ወዳጄ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበት አሁንም ያጉረመርማል። ዊንዶውስ ውስጥ ካለው ዲፌንደር ላይ ፎልደር ከማይታወቅ ፕሮግራም የሚጠብቅ ማብሪያ አለ፤ ነፃ ነው፣ አብሩት።

የክርስትናው ፎቶ ሳይገኝ ቀረ። ወዳጄ ለቤተሰቡ ሄዶ ነገራቸው፤ ገንዘባቸውን መለሰ፤ የልጁን የመጀመሪያ ዓመት ልደት በነፃ ሊያነሳ ቃል ገባ። የተቆለፉት ፋይሎች ያሉበት ሃርድ ዲስክ በፌስታል ተጠቅልሎ መሳቢያው ጥግ ተቀምጧል፤ በማርከር «አትንኩ» ተብሎ ተጽፎበታል። በየሁለት ወሩ ኖ ሞር ራንሰም ገብቶ አዲስ ነገር ካለ ያያል። አዲሱን የቅጂ ዲስክ ግን ሱቁ አያሳድረውም። ማታ ዘግቶ ሲወጣ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከትቶት ነው ወደ ቤቱ የሚገባው።